በ70 ሺህ ብር የጌም ኮምፒውተር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 9 ቀን 2018፣ እሑድ

ነገሩ የተጀመረው ምሳ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ እንደ ልማዱ ከሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት አርፍዶ መጣ። እማዬ ተቆጣች። እሱም "ታዲያ ቤት ውስጥ ምን አለ?" አላት። እኔ ዝም ብዬ ብበላ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። "የጌም ኮምፒውተር እንሥራለት" አልኩ። እንግዛለት እንኳ አላልኩም።

ያለን 70 ሺህ ብር ነው። 40ው የኔ፣ 20ው የእማዬ፣ 10ሩ ወንድሜ ክረምቱን ሠርቶ ያጠራቀመው። የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት፣ ማለትም ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት፣ በዚህ ገንዘብ ብዙ ነገር ይሠራ ነበር። ያኔ ዶላሩ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ ነበር፤ አሁን ወደ 150 ተጠግቷል። የኮምፒውተር ዕቃ ደግሞ የሚገባው በዶላር ነው። ስለዚህ አዲስ ዕቃ የሚባለውን ገና ከጅምሩ ረሳሁት፤ ያገለገለ ነው የምንፈልገው።

ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ ቤት አለ። ሞኒተሩ ባለ 22 ኢንች አሮጌ ነው፣ የምስል ጥራቱ 1080ፒ፣ በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ። ይሄ ለኔ ጥሩ ዜና ነው። ሞኒተሩ 60 ብቻ እያሳየ በሰከንድ 200 ፍሬም (ምስል) ለሚያወጣ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም የጌሙን ምስል ለሚሠራው ክፍል፣ ገንዘብ የምከፍልበት ምክንያት የለም። ወንድሜ በዚህ አልተስማማም። እሱ የሚያየው ዩቲዩብ ላይ ያሉትን የመብራት ጌጥ የለበሱ ማሽኖች ነው። የሚጫወተው ግን ኢፉትቦል፣ ቫሎራንትና ጂቲኤ 5 ነው።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ሁለት ሌሊት ቴሌግራም ላይ አመሸሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ የብዙ ሰው ሐሳብ ነው፦ ውጭ አገር ቢሮ ውስጥ ሲሠራ የቆየ ዴል ወይም ኤችፒ ዴስክቶፕ ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መሰካት። አንዱ የኢንቴል ኮር አይ 7 ሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር (የማሽኑ አንጎል)፣ ባለ 16 ጊጋ ራም (ጊዜያዊ ሚሞሪ)፣ 28 ሺህ ብር ይላል። ያጓጓል። ረጋ ብዬ ሳየው ግን ሁለት ነገር ቆረቆረኝ።

አንዱ ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ ለማሽኑ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል። የነዚህ የቢሮ ማሽኖች ፓወር ሰፕላይ ብዙውን ጊዜ ከ180 እስከ 260 ዋት ቢሆን ነው። ልቀይረው ብትል ደግሞ ሁሉም ዕቃ ከሚሰካበት ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት ሶኬት የራሳቸው ነው፤ ተራው ባለ 24 ፒን አይገባበትም፣ አስማሚ ገመድ ፍለጋ ትዞራለህ። ስለዚህ የምትሰካው ካርድ ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ፣ ከማዘርቦርዱ ማስገቢያ ብቻ ኃይል የሚወስድ መሆን አለበት። ያ ማስገቢያ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው። 1050 ቲአይ ወይም 1650 የሚባሉት ካርዶች ማለት ነው፣ ሁለቱም ባለ 4 ጊጋ። ነገ የተሻለ ካርድ ልሰካ ብትል ሳጥኑ እምቢ ይልሃል።

ሁለተኛው ዊንዶውስ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ባለፈው ሳምንት፣ ጥቅምት 4 ቀን አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት የሚቀበለው ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። በጓሮ በር አስገብተው የሚጭኑ አሉ፣ እኔም ለሰው ጭኜ አውቃለሁ። ግን ለዓመታት እንዲቆይ ለምንገዛው ማሽን ከመጀመሪያው ቀን ጓሮ ለጓሮ መሄድ አልፈለግኩም።

"ርካሽ ነው እኮ!" አለ ወንድሜ። እውነቱን ነው። ለቢሮ ሥራና ለፊልም ቢሆን ነገ ጠዋት ሄጄ እገዛው ነበር።

እና አንድ በአንድ እየገዛን እንገጣጥማለን። ፕሮሰሰሩ የሚሰካበትን ሶኬት የኤኤምዲን ኤኤም 4 መረጥኩ። የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ራይዘን እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዚህ ሶኬት ሲሸጥ ስለቆየ ያገለገለ ዕቃ በሽ ነው። ዛሬ ራይዘን 5 3600 ብንገዛ ከሁለት ዓመት በኋላ ማዘርቦርዱን ሳንነካ፣ ባዮሱን (የማዘርቦርዱን ማስነሻ ፕሮግራም) ብቻ አድሰን 5600 ወይም ከዚያ በላይ መሰካት እንችላለን።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ጠዋት መርካቶ፣ ከሰዓት ቦሌ። እግሬ አለቀ።

ኬዝ 5,500 ብር፣ "500 ዋት ፓወር ሰፕላይ በነፃ" አለበት። ደስ አለኝ። ቢ450 ማዘርቦርድ 11 ሺህ፣ ራይዘን 5 3600 ከነፋኑ 9,500፣ ሁለቱም ካገለገሉበት ከአንድ ልጅ። 3600 ስድስት ኮር አለው፣ ለኛ ጌሞች ይበቃል። ቢ450 ከ3600 ቀድሞ የወጣ ቦርድ ስለሆነ ባዮሱ ካልታደሰ ላያውቀው ይችላል፤ ስለዚህ "አስነሥተህ አሳየኝ" አልኩት። አስነሥቶ አሳየኝ። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ።

ከዚያ ልጁ ፋኑን ሊፈታ ጎተት ሲያደርገው ፕሮሰሰሩ አብሮ ተነቅሎ መጣ። ፕሮሰሰሩና ፋኑ መሀል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ሲደርቅ እንደ ሙጫ ነው የሚይዘው። በኤኤም 4 ደግሞ ፒኖቹ ያሉት ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ነው፣ 1,331 ቀጫጭን መርፌዎች። በሶፍት ጠቅልዬ በታክሲ ወሰድኩት። ቤት ደርሼ በስልክ ካሜራ አጉልቼ ሳይ ሁለቱ ጥግ ላይ ተኝተዋል።

እርሳሱን ያወጣሁለት ስክሪፕቶ መሰል እርሳስ ጫፉ ቀዳዳ ነው፤ ፒኑ ልክ ይገባበታል። ቀስ አድርገህ ታቃናዋለህ። ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ወንድሜ የእጅ ባትሪ ይዞልኝ፣ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን። ተቃኑ። ያኔ "ፋኑን አትንቀለው፣ እንዳለ ከነቦርዱ ስጠኝ" ብለው ኖሮ ይሄ ሁሉ የለም። ወይም ደግሞ ማሽኑን ትንሽ አሠርቶ ፔስቱ ሲሞቅ፣ ግራና ቀኝ እያወዛወዙ ነው ፋኑን የሚያላቅቁት።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ስለዚያ የነፃ ፓወር ሰፕላይ።

ከቤታችን ጀርባ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የሚጠግኑ ጋሼ አሉ። ዕድሜ ልካቸውን ብየዳ ላይ ናቸው። "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ" ብዬ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን እንኳ አላደረጉም። በእጃቸው አንሥተው ገበያ ላይ ዶሮ እንደሚመዝን ሰው ሁለቴ ከፍ ዝቅ አደረጓትና "ልጄ፣ ይቺ ዶሮ ሥጋ የላትም" አሉኝ።

ከዚያ ጎኗ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አነበብን። በትልቁ 500 ዋት ይላል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ግን የየመስመሩ አምፔር አለ። የዛሬ ጌም ኮምፒውተር ኃይሉን ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሚወስደው ከ12 ቮልቱ መስመር ነው፤ ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚበሉት ከዚያ ነው። ወረቀቱ ለ12 ቮልት 16 አምፔር ይላል። 12 ሲባዛ በ16፣ 192 ዋት። በቃ። የቀረው 300 ዋት ማንም ከማይፈልጋቸው ከ5 እና ከ3.3 ቮልት መስመሮች የተለቃቀመ ነው፣ እሱም እውነት ከሆነ።

አሁን የኛን እንደምር። 3600 ሲጨነቅ እስከ 88 ዋት ይስባል። ያሰብኩት ካርድ 1660 ሱፐር ነው፣ 125 ዋት። 213 ሆነ። ገና ማዘርቦርዱን፣ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፋይል ማስቀመጫና ፋኖቹን ሳንቆጥር ከ192 አለፍን።

ጋሼ ልክፈታት አሉ። መጀመሪያ ግን አስጠነቀቁኝ፤ ከሶኬት ተነቅላም ውስጧ ያለው ካፓሲተር ኃይል ይይዛል፣ ይነክሳል፣ የማያውቅ ሰው አይክፈት። ስትከፈት በሳቅ ሞቱ። ከመስመር የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚያጣሩት ጥቅልሎች መቀመጫቸው ቦርዱ ላይ ታትሟል፣ ጥቅልሎቹ ግን የሉም። በቦታቸው ቁራጭ ሽቦ ተበይዷል። ከሁሉም ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። እኛ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ ረጋ ብሎ አይመጣም፤ አምፖሉ እንኳ ቦግ ብሎ ነው የሚጀምረው። ያን ቦግታ የምትቀበለው መጀመሪያ ፓወር ሰፕላይዋ ናት። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲሞት ደግሞ ብቻውን ላይሞት ይችላል፣ ካርዱንና ማዘርቦርዱን አስከትሎ ነው።

ጠቅላላ ዕቅዴን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ካርድ ልገዛና በተረፈኝ ብር ፓወር ሰፕላይ ልፈልግ ነበር። አሁን ፓወር ሰፕላዩ መጀመሪያ። ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ በኅዳር መጀመሪያ ትመጣለች፤ 550 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚባል የብቃት ደረጃ ያለው፣ ከታወቀ ሱቅ እንድትገዛልኝ ጻፍኩላት። "ሰው ሽቶ ያስመጣል፣ አንተ ብረት ታሸክመኛለህ" ብላ መለሰች። ግን እሺ አለች።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

አርኤክስ 580 የሚባል ግራፊክስ ካርድ፣ 8 ጊጋ፣ 14 ሺህ ብር። ከ1660 ሱፐር በሰባት ሺህ ብር ይረክሳል፣ ሚሞሪው ደግሞ በሁለት ጊጋ ይበልጣል። ወንድሜ "ይሄን እንግዛ፣ ይሄን እንግዛ" እያለ እጄን ይጎትታል።

ይህ ካርድ በየቦታው የሞላው በምክንያት ነው። ብዙዎቹ ኢቴሪየም የሚባለውን ዲጂታል ገንዘብ ሲያወጡ (ማይን ሲያደርጉ) የኖሩ ናቸው። ኢቴሪየም መስከረም 2015 ላይ አሠራሩን ቀይሮ በግራፊክስ ካርድ ማውጣት ሲቀር፣ ካርዶቹ ሁሉ ያገለገለ ገበያ ላይ ፈሰሱ። ማውጫ የነበረ ካርድ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ፋኑና ፔስቱ ከታደሰ ብዙዎቹ ይሠራሉ። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው።

"ስካውና ጂፒዩ ዜድ ክፈትልኝ" አልኩት ሻጩን። ጂፒዩ ዜድ የካርዱን ማንነት የምታሳይ ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ናት፣ በፍላሽ ይዣት ነው የምዞረው። ትክክለኛው 580 ሼደር (የካርዱ ትንንሽ የስሌት ክፍሎች ብዛት) የሚለው ቦታ ላይ 2304 ማሳየት አለበት። የመጣው 2048 ነው። ይሄ እ.ኤ.አ. በ2018 ለቻይና ገበያ የተሠራ 580 ነው፤ ስሙ 580፣ ጉልበቱ ግን ዝቅ ያለው ካርድ የ570። ፎርጅድ አይደለም፣ ካምፓኒው ራሱ ነው ያወጣው። ግን በ580 ዋጋ የሚሸጥልህ ሰው እያወቀም ሳያውቅም እየሸወደህ ነው።

ሻጩ "ወንድሜ፣ ስምንት ጊጋ ነው እኮ፣ ስምንት ጊጋ!" ይለኛል። እኔ 2048ን አሳየዋለሁ፣ እሱ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን 8 ያሳየኛል። ተሳስቀን ተለያየን። በ570 ዋጋ ቢሰጠኝ ላስብበት እችል ነበር፣ ግን አንድ ብር አልወርድም አለ። በዚያ ላይ 580 የሚባለው ቤተሰብ ኃይል ይወዳል፤ ዋናው 185 ዋት ነው የሚበላው፣ ከ1660 ሱፐር በ60 ይበልጣል። በቆጣሪም በሙቀትም ትከፍለዋለህ።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

አገኘሁ! ሊዘጋ ያለ የኮምፒውተር ጌም ቤት ዕቃውን እየሸጠ ነው። 1660 ሱፐር፣ 6 ጊጋ፣ 22 ሺህ ተባለ፣ በ21 ወሰድኩት። ባለቤቱ የተረጋጋ ሰው ነው፣ "እስኪበቃህ ድረስ ፈትነው" ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ፈርማርክ የሚባለውን ካርድ ማስጨነቂያ 15 ደቂቃ ለቀቅኩበት። 81 ዲግሪ ደርሶ ቆመ፣ ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብም መስመርም አልመጣም። ብሎኖቹ አልተበሉም፣ ሁለቱም ፋኖች ይዞራሉ፣ አንዷ ትንሽ ታጉረመርማለች።

የዚህ ካርድ ጉድለት ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ እያሰላ ጥላና ነጸብራቅ የማሳያ ዘዴ) የሚሠራ ክፍል የሌለው መሆኑ ነው። በቅርቡ የወጡ አንዳንድ ትልልቅ ጌሞች ያለ እሱ ጭራሽ አይነሱም። ለወንድሜ ነገርኩት። "እነሱን ማን ይጫወታቸዋል?" አለ። ይሄን ቃሉን እዚህ የጻፍኩት በኋላ እንዳይክድ ነው።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ራም። 8 ጊጋ ሁለት ፍሬ፣ ዓይነቱ ዲዲአር 4፣ ፍጥነቱ 3200። ባለፈው ወር 7 ሺህ የተባልኩት ዛሬ 9,500 ሆነ። ሻጩ ሲነግረኝ የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር። ማታ ሳነብ ግን ዓለም ሁሉ እያለቀሰ ነው፤ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዳታ ሴንተሮች ሚሞሪውን ጠራርገው እየወሰዱ ስለሆነ የራም ፋብሪካዎች ፊታቸውን ወደነሱ አዙረዋል። መርካቶ ያለ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ነው የሚነግርህ፦ "ጨምሯል"።

አንድ ባለ 16 ጊጋ ፍሬ በ8,500 ነበረ። አልገዛሁም። ሁለት ፍሬ ጎን ለጎን ሲሰካ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ ነው የሚያነበው፤ አንድ ፍሬ ሲሆን መንገዱ አንድ ነው፣ ጌም ላይ ያስታውቃል። ባለ 500 ጊጋ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲም ወሰድኩ፣ 7 ሺህ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ብረቱ ደረሰ። 200 ድርሃም፣ በብር 8,500 ገደማ። ወረቀቱን ወዲያው አነበብኩ፦ በ12 ቮልት 43 አምፔር። 516 ዋት። ጋሼ ጋ ወስጄ በእጃቸው አስያዝኳቸው። "አሁን ዶሮ ገዛህ" አሉ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሚካኤል። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ዕቃ ስታይ "በሚካኤል ቀን ብሎን ትፈታለህ?" አለችኝ። "እየፈታሁ አይደለም፣ እያሰርኩ ነው" አልኳት። አልሳቀችም።

ቀኑን የመረጥኩት ወንድሜ ስለሚመቸው ነበር፣ ግን ለኮምፒውተር ሥራ ከዚህ የከፋ ቀን የለም። ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሰዉን ከጨረሰ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ሰፈሩ በሙሉ ጭስ ነው። መስኮት ዘግተን በላብ ገጣጠምን።

አብዛኛው ሥራ ካቻቢቴ ነው፣ የሚጻፍ የለውም። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ሶኬቱ ላይ ካለችው ጋር ታገጥማለህ፣ በራሱ ክብደት ይገባል፣ አትጫነው። ያቃናናቸው ፒኖች ያለ ችግር ገቡ። ራሞቹን ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥር ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ። ፔስት የሽምብራ ፍሬ ታህል።

አብርተን ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ጨለማ። ልቤ ወደቀ። ለካ የሞኒተሩን ገመድ የሰካነው ማዘርቦርዱ ላይ ነው! 3600 የራሱ ግራፊክስ የለውም፣ ገመዱ ካርዱ ላይ ነው መሰካት ያለበት። ካርዱን ሳይ ደግሞ ቪጂኤ የሚባል ቀዳዳ የለውም፣ የኛ አሮጌ ሞኒተር ደግሞ ከቪጂኤ ሌላ አያውቅም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር መለወጫ ፍለጋ ወንድሜ በጭሱ መሀል ሮጠ። በዓል ነው፣ ግማሹ ሱቅ ዝግ ነው። በ800 ብር ይዞ መጣ። ምስል መጣ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ዊንዶውስ 11 ገባ። ባዮስ ውስጥ ሁለት ነገር አስተካከልኩ። አንደኛ፣ ራሙ 3200 ተብሎ ተገዝቶ በ2400 ነበር የሚሠራው፤ ኤክስኤምፒን ካላበራህ የከፈልክበትን ፍጥነት አያወጣልህም። ይሄን ሳያውቁ ዓመት የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። ሁለተኛ፣ ኤፍቲፒኤምና ሴኪዩር ቡት የሚባሉትን የደኅንነት ምርጫዎች አበራሁ፣ ቫሎራንት ዊንዶውስ 11 ላይ ያለነሱ አይነሳም።

ጂቲኤ 5ን ከኢንተርኔት ማውረድ የማይታሰብ ነው። ከ100 ጊጋ በላይ ነው። ጓደኛዬ ጋ ሃርድ ዲስክ ይዤ ሄጄ ፎልደሩን ገለበጥኩ፤ በራሳችን አካውንት ስቲም (የጌም መሸጫው ፕሮግራም) ፋይሉን ሲያጣራ የጎደለውን ብቻ አወረደ።

በ1080ፒ፣ ሃይ (ከፍተኛ) የምስል ምርጫ ላይ፣ ጂቲኤ 5 ከ80 ፍሬም አይወርድም። ቫሎራንት ከ200 በላይ። ኢፉትቦል ስለ እሱ ባልናገር ይሻላል፣ ወንድሜ ስምንት ለዜሮ አሸንፎኛል።

ሙቀቱ ግን አልጣመኝም። ካርዱ 78 ዲግሪ፣ ፕሮሰሰሩ 82። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየራችን ከባሕር ዳርቻ አየር በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ለሯጭ ጥሩ ነው፣ ለፋን ግን አይደለም፤ ያው ፋን ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያሻግረው አየር ያነሰ ነው። የኛ ኬዝ ደግሞ ያለው ከኋላ አንድ ፋን ብቻ። ከፊት ምንም የለም።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

ትናንት ማታ ጌም መሀል መብራት ሄደ። መጣ። ቦግ አለ። እንደገና ሄደ። እኔ ኩሽና ነበርኩ፣ ሮጬ መጣሁ። ከሶኬት ነቅለን ግማሽ ሰዓት ጠበቅን፣ ከዚያ ስናበራው ምንም አልሆነም። ቀጣዩ ግዢ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ነው፣ ለመጫወቻ ሳይሆን አምስት ደቂቃ አግኝቶ በሥርዓት ለማጥፋት።

ሒሳቡን ዘጋሁ፦ 72,800 ብር። 2,800 አልፈናል። ትርፉን ወንድሜ ከፕሌይስቴሽን ቤት በተረፈው በወር በወር ይከፍላል ተብሏል፣ እማዬ ምስክር ናት።

ያቺን የ500 ዋት ጉድ ልጥላት ስል ጋሼ "ቆይ፣ ፋኗ ደህና ናት" አሉ። ፈትተው አወጧት፣ 120 ሚሊሜትር፣ 12 ቮልት። ገመዷን ቆርጠው ሞሌክስ ከሚባለው የፓወር ሰፕላይ ሶኬት ጋር በየዱልኝ፣ ገንዘብም አልተቀበሉኝም። ዛሬ ከኬዙ ፊት አሰርናት። ካርዱ ከ78 ወደ 73 ወረደ።